የሐሙስ ስልክ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29፣ 2024

ዛሬ እትዬ ስሂንን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስቱዲዮ አድርሼ መለስኩ። የልብ ቀዶ ጥገናቸው ገና ስላልጠገገ ደረጃው ላይ ደጋግመን ዐረፍን። ስቱዲዮ ይባል እንጂ የኢዛና እናት ቤት ምድር ቤት ነው። ከላይ የልብስ ማጠቢያው ሲዞር ቀረጻ ይቆማል።

ኢዛና እዚሁ አገር የተወለደ ልጅ ነው። የእትዬን የቆዩ ዘፈኖች ከየሰዉ ካሴት ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ በሸክላ ሊያወጣቸው ነው፤ ሁለት ሸክላና አንድ ቀጭን መጽሐፍ በሳጥን። እትዬ ካንትሪ የለመዱት ልጅ ሳሉ ነው፤ አባታቸው አስመራ፣ የአሜሪካኖች ሰፈር፣ ምግብ አብሳይ ስለነበሩ ከወጥ ቤቱ ራዲዮ። ሽፋኑ ላይ «በአማርኛ ካንትሪ ጽፋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት» ይላል። እትዬ የመጀመሪያዋ አትበል፣ ሁለተኛዋ ትቀየማለች አሉት። ማን ናት ብሎ ሊጽፍ ስልኩን አወጣ። «እኔም እየጠበቅኳት ነው» አሉት።

አንቱ ማለት አያውቅም። ይስቁበታል እንጂ አይቀየሙትም።

መጨረሻ ላይ ያን የሰዓት እላፊ ዘመን ካሴት ሰማን። ሳሎን ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ቤታቸው ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሁለተኛውን ጊታር የሚጫወቱት ጋሼ ፍሰሐ ናቸው፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም። የመድኃኒት ብልቃጥ ጣታቸው ላይ ሰክተው ክሩ ላይ ሲያንሸራትቱት ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ቴፑ አልጠፋም ኖሯል። የጋሼ ፍሰሐ ድምፅ፣ «ባዩ፣ መስኮቱን ዝጊው» ይለኛል። የቀበሌ ጥበቃ እንዳይሰማ ነበር። ከዚያ ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ ምንም።

ኢዛና ይሄ ኖይዝ ነው፣ ልቁረጠው አለ። ዐይኑ እኔ ላይ ስላረፈ እሺ አልኩ።

ድልድዩን ስንሻገር እትዬ ለምን እሺ አልሽው አሉኝ። የመስኮት ነገር ለሰው ምን ይጠቅማል አልኳቸው። አሌክሳንድሪያ፣ ቤታችን እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ሐሙስ ሐሙስ የአረጋውያን ደይኬር አውቶቡስ መጥቶ እትዬን ይወስዳቸዋል። ጋሼ ፍሰሐ ከአዲስ አበባ የሚደውሉት ያን ጊዜ ነው፤ የእህታቸውን ጤና ለመጠየቅ። እሳቸውን ከጠየቋቸው «ደህና ነኝ» ብቻ ስለሚሉ፣ እውነቱን ከእኔ መስማት ይሻላል ይላሉ።

የደም ግፊታቸውን ነገርኳቸው። እንቅልፋቸውን ነገርኳቸው። ከዚያ አዲሱን ዘፈን አነሣን። «ታናሼ» ይባላል፤ ስብስቡ ውስጥ የሚገባ ብቸኛው አዲስ ዘፈን ነው፣ እትዬ ለእሳቸው የጻፉት። የጊታሩን ድርሻ እዚያው ቀድተው ይልካሉ። እጄ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ልጁ በኮምፒውተር ያስተካክለዋል አልኩ። መንቀጥቀጡ እንዳይነካ ብላለች፣ የሰባ ዓመት ሰው እጅ መሆኑ ይሰማ ብላለች አሉና ሳቁ።

ደብተርሽን ትጽፊያለሽ ወይ ብለው ጠየቁ። እጽፋለሁ አልኩ። ፊደል የለየሁት እሳቸው ከማተሚያ ቤት ያመጡልኝ በነበረ የተበላሸ የካሴት ሽፋን ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ አነባለሁ። ዲቪውንም ፎቶዬን አንሥተው የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሲደርሰኝ ከሁሉም ሰው በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ ይላሉ።

ስልኩ ሲዘጋ ምስሩ አርሮ ድስቱን ይዞት ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ስልኩ ቆይቶ ጮኸ። አንሥቼ «ዛሬ ቆየህ» አልኩ።

ሀቢብ ነው፤ የጋሼ ፍሰሐ ጎረቤት። በእሳቸው ስልክ።

እንደተኙ ነው አለ። ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ሲቀር ገብቶ አያቸው።

ለዮሐና ደወልኩ። ለአቶ ሥዩም ደወልኩ። እትዬ መጡ። ምሳ አቀረብኩ፣ በሉ። ጨው በዝቶበታል አሉ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

እትዬን አስተኝቼ ፎልስ ቸርች፣ ዮሐና ቤት ሄድኩ። ዮሐና የእትዬ አንድ ልጅ ናት፤ በአምስት ዓመቷ መጥታ እዚህ ያደገች። አቶ ሥዩምም ነበሩ። የእትዬ የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ በዚህ አካባቢ መርዶ ሲኖር ያለ እሳቸው አይነገርም። ጎረቤታችን ውቢትም ነበረች።

ዮሐና አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ አለች። ወንድሟ ነው፣ የማወቅ መብት አላት፣ ይሄ ውሸት ነው አለች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ። አቶ ሥዩም አስጨርሰው ሰሟት። ልቧ ገና አልዳነም፣ ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካት ብሏል አሉ። መርዶ በሰዓቱና በሰው መሃል እንጂ እንደ ፖስታ አይጣልም አሉ። ሌላም አሉ፤ ዘፈኑን ትጨርስ። አሁን ከሰማች ጊታር አትይዝም፤ ያ ሁሉ ሥራ ባዶ ይቀራል። ከተቀዳ በኋላ፣ ጠዋት፣ ሁላችን ሄደን።

ዮሐና አለቀሰችና ተስማማች።

እኔን «አንቺ ፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ። ከፊትሽ ነው የምታነበው አሉ። እሺ አልኩ።

ሲወጡ አንድ በአንድ ዮሐናን እያቀፉ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። እኔ ካፖርታቸውን አቀበልኳቸው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ዮሐና የእትዬን ስልክ ይጠገናል ብላ ወሰደችው። ፌስቡኩ በጋሼ ፍሰሐ ፎቶ ተሞልቷል። አንዱ የሰዓት እላፊው ዘመን ፎቶ ነው፣ ጊታሩን ታቅፈው። እትዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ክፈችልኝ አሉ። ዋይፋዩ ተበላሽቷል አልኩ። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያንም ብርድ ነው ብለን አስቀረናቸው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

«ፍሰሐ ላከ?»

ኢንተርኔት ተዘግቷል አሉ፣ እዚያ አልኩ።

«መቼ ነው የሚከፍቱት?»

አላውቅም አልኩ። ይሄኛው እውነት ነው፤ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ቤቱን በሙሉ አጠብኩ። ምድጃውን ስቤ ጀርባውን አጠብኩ። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ልማድ ነው።

ከሥራ ልብሴ ሥር ጥቁር ካናቴራ መልበስ ጀምሬአለሁ። ጥቁር ሙቀት ይይዛል ይባላል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ዛሬ እትዬ «ታናሼን» ዘፈኑ። በጥቅምት በጻፉት ግጥም፣ አንዲት ፊደል ሳይለውጡ፦

ታናሼ ቅደመኝ፣ በሩን ክፈትልኝ፣
እኔ እስክደርስ ድረስ ጊታሩን ቃኝልኝ።

ዮሐና ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጣች። ስልኳ ወንበሩ ላይ ነበር። እኔ የእትዬን የውሃ ጠርሙስ ይዤ ቆምኩ። ክዳኑን ስከፍትና ስዘጋ ኢዛና በመስታወቱ ውስጥ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ይሰማል ለካ።

አንድ ጊዜ ነው የዘፈኑት። ዋን ሞር ሲላቸው እምቢ አሉ። ሁለተኛ ከዘፈንኩት እለማመደዋለሁ አሉ።

ሲጨርሱ የመጀመሪያ ቃላቸው ፍሰሐ ላከ ወይ የሚል ነበር።

መኪና ውስጥ ያልሰማሁት አንድ ነገር እንዳለ አስቤ ራሴን ስመረምር ነበር። ሀቢብ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ቀብሩ ላይ ጊታሩን ማን እንደያዘ፣ ብልቃጡ የት እንደ ወደቀ አልጠየቅኩም። ለምን ልጠይቅ? ምን አገባሽ ቢለኝስ?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

ታንክስጊቪንግ። ዮሐና ቤት። ዘፈኑ ስለተቀዳ አሁን መንገር አለብን ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ዛሬ በዓል ነው አለች፤ ከዚያ ደግሞ ከክሪስማስ በኋላ አለች። ያን ቀን መብቷ ነው ስትል የነበረችው ልጅ፣ አሁን ዓይኔን እንኳ አታይም። «መቼ ሰማችሁ ብትለኝ ምን እላታለሁ?» አለች ሳህን እያጠበች። ውሸት እንደ ቡሆ ነው፤ በቆየ ቁጥር ኩፍ ይላል።

ኢዛና የመጽሐፉን ናሙና አምጥቶ ነበር። በጓዳ በኩል ጠርቶኝ የጋሼ ፍሰሐን ዓመት ልሙላ ወይ አለኝ። ዮሐናን ጠይቅ አልኩት። ክፍት ተወው አለችው። 1953 ይልና ሰረዝ አለው፤ ከሰረዙ በኋላ ባዶ ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ጣታቸው እዚያ ባዶ ላይ ቆመ። የራሳቸውንም ፈልገው አገኙ፤ እሱም እንደዚያው ክፍት ነው። «ለሁለታችንም በሩን ገርበብ አድርገው ትተውልናል» አሉ። ሁሉም ሰው ሳቀ፤ ከመጠን በላይ ሳቀ።

ሕንጻችን ስንደርስ ውቢት መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችንና እትዬን አቅፋ አልለቅ አለች። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ምነው አሏት እትዬ። ቀዶ ጥገናው ትዝ ብሏት ነው አልኩ እኔ። ውቢትም አዎ፣ አዎ፣ ቀዶ ጥገናው አለች። ሊፍት ውስጥ እትዬ፣ ሰው እንዴት ሩኅሩኅ ሆኗል አሉ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

እትዬ የፍሰሐ እጅ ካልገባበት ሳጥኑ አይወጣም ብለው ቆረጡ። ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ያለ እሱ ወጥቶ የማያውቅ ዘፈን የለኝም፣ በስተርጅና አልጀምርም አሉ።

ኢዛና አንድ ሐሳብ አለኝ አለ። ከሰዓት እላፊው ካሴት ላይ የጋሼ ፍሰሐን ጊታር ብቻ ለይቼ «ታናሼ» ላይ እገጥመዋለሁ አለ። ቅኝቱ አንድ ነው፣ ይገጥማል አለ። ክፋት የለበትም፤ ፊቱ ላይ እንቅልፍ ማጣት ይታያል። ዮሐና ይሁን አለች። ከዚያ ዞራ፣ ባዩሽዬ ላከ ብለሽ አንቺ ንገሪያት፣ ከእኔ ከሰማች ታውቅብኛለች አለች።

ያን ካሴት ከነካህ አይቀር መጨረሻው ላይ ያለችውን… ብዬ ጀመርኩ። ኢዛና የቱን አለ። ተውኩት። ሰው ሞቶ ስለ መስኮት እንዴት ይወራል።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

ተናገርኩት። ቁርስ ላይ፣ ሻይ እየቀዳሁ። «ጋሼ ፍሰሐ ላኩ።»

እትዬ ሻዩን ሳይነኩት ካፖርቴን አምጪ አሉ። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንገባ ሲያንጎራጉሩ ነበር። እንዲህ ሆነው ካየኋቸው ዓመት አልፏል።

ሄድፎኑን አደረጉ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ኢዛና ወለሉን ያያል። የሚሰሙትን እኔ አልሰማም፤ ግን የት እንደደረሰ ከእግራቸው አውቃለሁ። ብልቃጡ የሚገባበት ቦታ ላይ እግራቸው ቆመ። ጨርሰው እንደገና ክፈተው አሉት። ሁለተኛ ጊዜ እግራቸው ጭራሽ አልተነሣም።

ሄድፎኑን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያዙት።

«አልተንቀጠቀጠም» አሉ።

ጥሩ ቀን ኖሯቸው ይሆናል አልኩ።

ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «አዎ። ጥሩ ቀን ነበረው» አሉ። ኢዛናን ትከሻውን መታ መታ አድርገው እጅህ ይባረክ አሉት።

ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ላከ ወይ ብለው አልጠየቁም። ዮሐና በስልክ ገላገልሽን አለችኝ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

እትዬ ማታ ማታ የሻወሩን ውሃ ከፍተው በጣም ይቆያሉ። ወድቀው እንዳይሆን በሩን አንኳኳለሁ። ደህና ነኝ ይላሉ። አዲሱ መድኃኒት ይሆናል፤ ሐኪሙን እጠይቃለሁ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

የደይኬሩ አውቶቡስ ሲመጣ አልሄድም አሉ። አመመዎት ወይ አልኳቸው።

«ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ነው።»

ወጥ ቤት ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ስልኩ እዚያው ቻርጅ ላይ ነበር። አልነቀልኩትም፣ ልማድ ስለሆነ ነው። ያ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ዐይኔ በሽንኩርቱ ተቃጠለ። እትዬ ተነሥተው ቢላውን ከእጄ ወሰዱና ቀሪውን እሳቸው ከተፉት። እንደዚህ አድርገው አያውቁም። ልባቸው እንዳይደክም ብዬ ልቀበላቸው ብሞክር፣ ተቀመጪ፣ ዛሬ እኔ ላብስል አሉ። በግድ አበሉኝ።

ምን እንደነካቸው አልገባኝም። ፊቴን አልጠበቅኩም ይሆን?

ሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ዛሬ አርባ ነው። እዚያ።

እትዬ ሲተኙ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ሻማ ይዤ ለነፍስ ጸሎት እንዲያደርጉልኝ ቄሱን ለመንኳቸው። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ያለ ክርስትና ስም እንዴት ብዬ ልጥራው፣ ቤተሰቡን ጠይቀሽ ነይ አሉኝ።

ሀቢብን እንዳልጠይቅ እሱ እስላም ነው፣ አያውቅም። ዮሐና ለምን ፈለግሽው ትላለች። የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው።

ይህን ያህል ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ስናወራ፣ ስለ ሰማይና ስለ ምድር ስናወራ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ምን ስናወራ ነው የኖርነው?

ሻማውን አብርቼ ያለ ስም ተውኩት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 19

ሐኪሙ የእትዬ ልብ ተስተካክሏል አለ። አቶ ሥዩም አርባው አልፎ መርዶ አለመነገሩ ለእኛም ነውር ነው፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ እንመጣለን አሉ። ዮሐና ከእንግዲህ ምክንያት የላትም። የእኔ ሥራ በሩን ሳልቆልፍ ማደር ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 21

ሳይነጋ መጡ። አቶ ሥዩም፣ ዮሐና፣ ውቢት፣ ሌሎችም ሴቶች። ኢዛናም ነበር፤ የሰፋው ጥቁር ኮት ለብሶ። አቶ ሥዩም ኮሪደሩ ላይ አቁመው በሹክሹክታ መከሩን፤ ልቅሶው ልክ ይኑረው፣ ጎረቤት ሰው ተገደለ ብሎ ፖሊስ እንዳይጠራ። ውቢት መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ተዘጋጀች። በሩን ገፋሁት።

የሳሎኑ መብራት በርቶ ነበር። እትዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። ጫማ አላደረጉም። ከፊታቸው ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ማታ እኔ ስተኛ አልተደረደሩም ነበር።

ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም ደንግጦ ቆመ። አቶ ሥዩም ግን የመጡበትን አይረሱምና «ስሂን፣ እግዚአብሔር…» ብለው ጀመሩ።

እትዬ እጃቸውን አነሡ። «ተወው ሥዩም። የልጅነት እጁን አምጥታችሁ አስደምጣችሁኛል፤ ከዚያ ወዲያ ምን መርዶ አለ? የዛሬው ፍሰሐ ብልቃጡን መያዝ አቅቶታል። አውቄአለሁ። እኔ ወንድሜን አልቅሼዋለሁ፤ ውሃ ከፍቼ፣ ይቺ እንዳትሰማኝ።»

ዮሐና ማሚ ብላ እግራቸው ሥር ተደፋች። ፀጉሯን እየደባበሱ ቆዩ። አልተቆጧትም። ፈርተሽ ነው፣ ማን ያልፈራ አለ አሏት። ከዚያ ቀና አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ካፖርት እየተቀበልኩ።

«እናንተ ግን የመጣችሁት ለእኔ አይደለም። ለእሷ ነው። አርዷት።»

ዮሐና ባዩሽ እኮ ታውቃለች፣ ለሁላችን የነገረችን እሷ ናት አለች።

«ሰምታለች» አሉ እትዬ። «አልተነገራትም። ከውስጥ ጥቁር ከለበሰች ቆየች፤ የሚታጠብ ልብስ ቅርጫት ውስጥ አያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ስልኩን አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ከሰላሳ ዓመት በላይ ነው የማያት፤ እሱንም እሷንም። አንድ ቃል ይበሉ ብዬ ስጠብቅ አሮጌ ሆንኩ። በሉ፣ አርዷት።»

ካፖርቶቹ ክንዴ ላይ ነበሩ። ኢዛና መጥቶ አንድ በአንድ ወሰደልኝ።

አቶ ሥዩም ኮፍያቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እንዲያ ፊት ለፊት አይተውኝ እንደማያውቁ አሰብኩ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ባዩሽ፣ ልጄ። ፍሰሐ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለሁሉም የደወልኩት እኔ ነኝ። ግን እስከዚያች ሰዓት ለእኔ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላውቀውም። ውቢት ይዛኝ ነበር። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ አሉ፤ አቶ ሥዩም ይደብድብ ብለዋል አሉ። የሰው ሁሉ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ያጽናሽ፣ ያጽናሽ። ፀሐይ ወጥታ ስነቃ ራሴ የእትዬ ጭን ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፦

«ወልደ ሰንበት ነው የክርስትና ስሙ። ለፍትሐቱ ያስፈልግሻል።»

እሑድ፣ ዲሴምበር 22

ወልደ ሰንበት።

ሐሙስ፣ ማርች 20፣ 2025

ሳጥኑ መጣ። ኢዛና ራሱ ተሸክሞ አመጣው፣ ማጫወቻ ጭምር። «ለአንቱ» ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ ማን አስተማረህ አሉት። ዮሐና አለ። እሷንስ ማን አስተማራት ብለው ሳቁ።

መጽሐፉ ውስጥ የፍሰሐ ዓመት ተሞልቷል። ሰረዙ ተዘግቷል።

«ታናሼ» ላይ ያን የወጣት እጅ አስወጥተውታል። ቦታው ባዶ ነው። እትዬ ይዘፍናሉ፤ ጊታሩ የሚገባበት ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ እግራቸው ብቻ ወለሉን ይመታል፤ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ኢዛና ሰዎች ሲሰሙት የተበላሸ ሸክላ ነው ብለው ይመልሱት ይሆናል ብሎ ፈርቷል። እትዬ ይመልሱት አሉ።

ወደ በሩ ሲሄዱ፣ መጨረሻውን አንቺ ስሚው፣ እኔ ደይኬር ይረፍድብኛል አሉኝ። አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር። ኢዛናን ክንዱን ይዘው ወጡ።

መጨረሻው የሰዓት እላፊው ዘፈን ነው። ስልኩን ከቻርጁ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ወንበር ስቤ ማጫወቻው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ አለቀ። ልነሣ ስል መርፌው አልተነሣም። እትዬ ያንኑ ዕለት ማታ፣ ገና በኦክቶበር፣ ለልጁ ደውለው አትቁረጠው ብለውት ኖሯል፤ አልነገሩኝም።

«ባዩ፣ መስኮቱን ዝጊው።»

መስኮቱ ዝግ ነበር። ቢሆንም ተነሣሁ።